አባቴ የማጨጃዋን ካርቡሬተር የፈታ ዕለት

ልጅ እያለሁ፣ በተለይ አራተኛ ክፍል በገባሁበት መስከረም፣ ከጅብም ከመብረቅም ይልቅ የምፈራው የአንድ ሞተር ድምፅ ድንገት ቀጥ ሲል ነበር። የምንኖረው ሰበታ፣ ከአስፓልቱ ገባ ብሎ ባለ የሥልጠና ማዕከል ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ የግቢው አትክልተኛ ነበር፤ ዋና ሥራውም እንደ ትራክተር ላይዋ ላይ ተቀምጠው በሚነዷት አሮጌ ቀይ የሣር ማጨጃ ያን ሰፊ ሜዳ ማጨድ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የባሕር ዛፎቹ ጋ እንደደረስኩ ቆም ብዬ ጆሮዬን እጥላለሁ። የማጨጃዋ ጉርምርምታ ከተሰማኝ እፎይ ብዬ ከጓደኞቼ ጋር ሰኞ ማክሰኞ እጫወታለሁ። እየተሰማ ድንገት ከተቋረጠ ግን ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ እሮጣለሁ።

ጓደኞቼ እርቦኝ የምሮጥ ይመስላቸው ነበር። እኔ የምሮጠው አባቴ ዓይኑ እየጠፋ ስለነበረ ነው። ይህን ደግሞ ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አባቴ በቀለ ይባላል፤ ሰው ግን ኦቦ በቀለ ነው የሚለው። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው ነው። እጁ ሁልጊዜ የታጨደ ሣርና ቤንዚን ይሸታል። እናቴ ገበታ ላይ ከመቅረቡ በፊት በሳሙና ደጋግማ ብታስታጥበውም ሽታው አይለቅም፤ እኔ ግን እወደው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሠራተኞቹ ልጆች ሁሉ ተሰብስበን የታጨደውን ሣር እንከምርና እየዘለልን እንወድቅበታለን። አንገታችን ውስጥ የገባው ሣር ሲያሳክከን ያመሻል። የእኔ ዘመን የሰበታ ልጆች ታስታውሱት ይሆናል፤ ያኔ ከአስፓልቱ ፈቀቅ ካሉ ሜዳው የትም ነበር፣ ላሞች እንደ ልባቸው ያቋርጡን ነበር። የእኛ ቤት ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለች፣ ለሠራተኛ የተሰጠች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። ሥራው ካለ ቤቱ አለ፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። አባትና እናት ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነጋገሩ የሚሰማ ልጅ ግን ያውቀዋል።

እኔ መጀመሪያ የነቃሁት በውሃ ነው። በፍልሰታ ጾም ሰሞን አባቴ ከጆጉ ሲቀዳ ውሃው ከብርጭቆው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እናቴ ልቡ የት ሄዶ ነው ብላ ሳቀችበት፤ እሱም ሳቀ። እኔ ግን እየሳቀ ብርጭቆውን በጣቱ ሲፈልገው አየሁት። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከእሱ ላይ መንቀል አቃተኝ። ደረጃ ሲወርድ በእግሩ ጫፍ እየፈተሸ ነው። ሰው ከሩቅ እጁን ሲያነሳለት አይመልስም፤ ድምፅ ከሰማ ግን እሱ ቀድሞ "አካም ጅርታ" ብሎ ሰላም ይላል። ከተማው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስላለው፣ መንገድ ላይ ተማሪዎቹ ነጭ በትራቸውን ይዘው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው እየተሳሳቁ ሲያልፉ ማየት ለሰበታ ሰው ብርቅ አይደለም። አባቴ ዱሮ ሮጦ የሚያሻግራቸው ሰው ነበር። በዚያ ክረምት ግን ድምፃቸውን ሲሰማ መንገድ መቀየር ጀመረ።

እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ጫንጮ ያሉት አያቴ ታመሙና እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ ልታስታምም ሄደች። እሷ በሄደች ማግስት አባቴ በራፉ ላይ ቁጭ እንዳለ ጠራኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው" አለኝ። "ከአፍሽ ግን አይውጣ።"

የግራ ዓይኑ ጭራሽ ጨለማ እንደሆነ፣ በቀኙም የሚያየው በጉም ውስጥ እንዳለ ሰው መሆኑን ነገረኝ። ሐኪም ቤት ለምን አትሄድም አልኩት። ስለ ታላቅ ወንድሙ አወራኝ። አጎቴ ዓይኑን ሊታከም በእግሩ ሄዶ በሰው እጅ ተመርቶ ነው የተመለሰው፤ አባቴ ያን ጊዜ ልጅ ነበር፣ መሪውም እሱ ነበር። እንደዚያ ከሚሆን ይህችኑ ጉም ይዤ ልኑር አለኝ። ሽማግሌዎች "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ሲሉ እሱም አብሮ ራሱን ሲነቀንቅ አይቼዋለሁ፤ በራሱ ሲመጣ ግን አቃተው። የሠልጣኞቹ ምረቃ ይለፍ፣ እናትሽም ትምጣ፣ ከዚያ እናስብበታለን አለና እጁን ራሴ ላይ አደረገ። "ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ።" ከዚያ ቀን በፊት አልፈራም ነበር።

እንዲህ ሆነን ሥራውን ተያያዝነው። ምንም የሌለበትን መሐል ሜዳ ጠዋት ብቻውን ያጭዳል። አበባው፣ የውሃ ጎማውና የመብራት ምሰሶው ያለበትን ዳር ዳሩን ግን እኔ እስክመጣ ይተወዋል። እኔ ከማጨጃዋ ፊት ፊት እየሄድኩ ድንጋይ እለቅማለሁ፣ ጎማ እጎትታለሁ፣ በስተቀኙ ሆኜ በእጄ ምልክት እሰጠዋለሁ። የሚያየን ሰው ልጅቷ አባቷን ስትከተል ትጫወታለች ይላል። ሲጨርስ ደግሞ ማጭድ ይዤ ዘሎት ያለፈውን ሣር እየዞርኩ አስተካክላለሁ። ያም ሆኖ ሜዳው በመጥፎ ምላጭ የተላጨ ፊት መስሎ ነበር፤ እዚህም እዚያም ጉች ጉች ያለ ሣር ይቀራል። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ስለ ወንዞች ሲያስረዱ እኔ ትናንት ስላላነሳሁት አንድ ድንጋይ ነው የማስበው።

የማዕከሉ ኃላፊ ወይዘሮ ንግሥት የሚባሉ፣ ሲሄዱ ጫማቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ ቁጡ የማይባሉ ግን ነገር የማያልፉ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ውሃ ስቀዳ አገኙኝና ጀሪካኑ እስኪሞላ ድረስ አጠገቤ ቆሙ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አባትሽ መጠጥ ጀምሯል እንዴ?" አሉኝ።

አባቴ ጠላ እንኳ አይቀምስም። ግን አይጠጣም ካልኩ ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚደናቀፈው እንደሚሉኝ ገባኝ። ይጠጣል ካልኩ ደግሞ ያልሠራውን ላሸክመው ነው። ጀሪካኑ ሞልቶ ውሃው እግሬ ላይ ሲፈስ እንኳ ልብ አላልኩም።

"አይጠጣም" አልኩ በመጨረሻ። "እማዬ ስለሌለች ነው።"

ወይዘሮ ንግሥት ቧንቧውን ራሳቸው ዘጉት። ምረቃው ቅዳሜ መሆኑን፣ እንግዶቹ የሚቀመጡት ሜዳው ላይ መሆኑን፣ ሣሩ በዚህ ዓይነት ከቀጠለ ከአዲስ አበባ የራሳቸው ማሽን ያላቸው ሰዎች እንደሚያስመጡ ነገሩኝ። "ሌላውን በኋላ አስብበታለሁ" ብለው ሄዱ። ያች "ሌላውን" የምትል ቃል ሌሊቱን ሙሉ አልለቀቀችኝም። ሌላው ማለት ሥራው ነው፤ ሌላው ማለት ቤቱ ነው። ጠዋት ለአባቴ ስለ መጠጡ የጠየቁኝን ነገርኩት፤ "ሌላውን" ያሉትን ግን ዋጥኩት።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ የማጨጃዋ ድምፅ እንደ ወትሮው አልነበረም። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ መልሶ ይጮኻል፤ ልክ ትንፋሽ አጥሮት እንደሚያለቅስ ሕፃን። ከዚያ ቀጥ አለ። ስሮጥ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ስደርስ አባቴ መሐል ሜዳ ላይ ማጨጃዋ አጠገብ ቆሞ መዳፉን የሞተሯ ክዳን ላይ አድርጎ ነበር። የመታው ነገር የለም። ክረምቱን ሙሉ መጠለያው ውስጥ ቆማ ሳለ ሆዷ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ማር ወፍሮ የካርቡሬተሩን መተላለፊያ ዘግቶታል አለኝ። ካርቡሬተር ማለት ቤንዚንና አየር ለሞተሩ የሚቀላቀሉበት ዕቃ መሆኑን ያኔ አውቅ ነበር፤ በየዓመቱ ፈትቶ ሲያጸዳው አይቻለሁ።

ዘበኛው መጣና መካኒክ ከከተማ ይጠራ አለ። አባቴ አያስፈልግም አለው፤ ሁልጊዜ የሚሠራት እሱ ነው፣ አሁንም ይሠራታል። እምቢ ያለበት ምክንያት ለእኔ ገብቶኛል። መካኒክ ቢመጣ ጎን ለጎን ቆሞ ያንን አቀብለኝ፣ ይችን እያት ማለቱ አይቀርም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀመርን። የማሽኑ መጠለያ በቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ የዘይትና የደረቀ ሣር ሽታ አለው። ጠረጴዛውን በሩ ጋ፣ ብርሃን ወዳለበት ጎተትን። አባቴ ያረጀ ነጭ አንሶላ አነጠፈበት። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ላይ ያወረደው እኔ ካቻቢቴውን እስካቀብለው እንኳ ሳይጠብቅ ነው። ጣቶቹ ብሎኑን ያገኙታል፣ ያዞሩታል፣ አንሶላው ላይ በሰልፍ ያስቀምጡታል። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ስለሆነ የሚሠራው፣ ሥራው ላይ ያለው እጁ ብቻ ነበር። የታችኛውን ኩባያ ሲከፍተው የኮመጠጠ የአሮጌ ቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን ሰነጠቀው። ውስጡ ቡናማ ዝቃጭ ተጋግሮበታል። አባቴ በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ "ይኸው" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ደስ ያለው መሰለኝ።

ሰው በበሩ ባለፈ ቁጥር አንዱን ዕቃ ያነሳና ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ ያገላብጠዋል፤ ልክ እንደሚያይ ሰው። ዘበኛው አለፈ። ወንበር የሚሸከሙ ሠራተኞች አለፉ። እኔ የጫማ ድምፅ ብቻ ነበር የማዳምጠው።

ቤንዚኑ ላይ የምትንሳፈፈውን ቁራጭ ሲያወጣ፣ እሷን የያዘችው ቀጭን ሚስማር አመለጠችው። ጠረጴዛው ላይ ቅጭል ስትል ሰማን፤ ከዚያ ድምፅ የለም። ሁለታችንም ተንበረከክን። መሬቱ በሣር ፍርፋሪ የተሸፈነ ነው። እኔ ጉንጬን መሬት አስነክቼ አየሁ፣ በመዳፌ ዳበስኩ፣ የለችም። ያች ሚስማር ከሌለች ካርቡሬተሩ አይገጥምም፤ እንደሷ ያለ ደግሞ ሰበታ ውስጥ አይገኝም። የግቢው በር ላይ ድንኳን የጫነ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ይሰማል። እኔ ሣሩን በሁለት እጄ መበተን ጀመርኩ። አባቴ ግን ተነሳና ከመደርደሪያው ላይ ከተበላሸ የራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አምጥቶ መሬቱ ላይ በዝግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየጠረገ ወሰደው። የብረት ብናኝ፣ የዛገ ቆርኪ፣ አንድ ብሎን ይዞ መጣ። መልሶ ሄደ። በሦስተኛው "ጭቅ" አለ። ሚስማሯን በጣቶቹ መሐል ይዞ ዓይኑን ጨፈነ፤ እሱም ለካ ፈርቶ ነበር።

ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ቤንዚኑ የሚያልፍባት ከነሐስ የተሠራች ትንሽ ዕቃ አለች፤ መሐሏ ላይ ከመርፌ ቀዳዳ የምታንስ ቀዳዳ አላት። እሷ መከፈቷን በጣት ማወቅ አይቻልም። በዓይን ብቻ ነው። አባቴ ይህን ሲያውቅ የቆየ ይመስለኛል፤ ዕቃዋን መዳፌ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን አጠፈልኝ።

"ወደ ፀሐይዋ አድርገሽ እይልኝ" አለ። "ብርሃን ታያለሽ?"

አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ጨለማ ነው። የለም አልኩት። ከኤሌክትሪክ ገመድ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር መዝዞ ቀዳዳዋን ወጋጋት፣ በአፉ ነፋባት፣ መለሰልኝ። አሁንም ጨለማ ነው። ንጹሕ ቤንዚን ውስጥ ዘፈዘፋትና ቁጭ ብለን ጠበቅን። እንደገና ወጋ፣ እንደገና ነፋ። ከንፈሩ በቤንዚን ተላልጦ ቀልቶ ነበር። ታያለሽ? የለም። ታያለሽ? የለም አባ። የለም ባልኩት ቁጥር እኔ ያበላሸሁት ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ውሸት ልናገር፣ አዎ ልበለውና ይገላገል ብዬ አስቤ ነበር። ግን ሞተሩ ይናገራል፤ ሞተርን መዋሸት አይቻልም። ፀሐይዋ ወደ መናገሻ ተራራ በኩል ዘንበል ማለት ስትጀምር አንዴ ነፍቶ ሰጠኝ። ወደ ሰማይ ስይዛት መሐሏ ላይ አንዲት ጤፍ የምታህል ነጭ ነገር በራች።

"አየሁ" አልኩት። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

የካርቡሬተሩ ሁለት ቁራጮች ሲገጣጠሙ ቤንዚን እንዳያፈሱ መሐላቸው የሚገባው ጓርኒሲዮን፣ ያ ወረቀት ነገር፣ ተቀዶ ስለነበር ከወፍራም ወረቀት ሌላ አበጀ። ወረቀቱን ኩባያው ላይ አስተኝቶ ጠርዝ ጠርዙን በመዶሻ ጭንቅላት ቀስ እያለ ሲቀጠቅጠው የኩባያውን ቅርጽ ይዞ ተቆረጠ። ዓይን አላስፈለገውም። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ከሰልፉ እያነሳ ወደ ቦታው መለሰ። ስናስነሳት መጀመሪያ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተንገጫገጨች፣ ልትጠፋ ደረሰች። አባቴ ጆሮውን አስጠግቶ የካርቡሬተሩን ብሎን በካቻቢቴ በትንሽ በትንሹ አዞረው፤ ድምፁ እስኪስተካከል፣ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ አንድ ዓይነት እስኪሆን። ፈገግ አለ። እኔም ሳቅኩ። ሁሉም ነገር ያለፈ መሰለኝ።

ድምፁን ሰምተው ወይዘሮ ንግሥት መጡ። ጎሽ ኦቦ በቀለ አሉ፣ እውነትም ደስ ብሏቸው ነበር። በሉ እንግዲያው ሳይመሽ ያንን የድንኳኑን በኩል ይጨርሱልኝ፣ እዚሁ ቆሜ ላየው ብለው ሜዳውን አሳዩት። ጣታቸው ወዴት እንዳመለከተ አባቴ አላየም። እኔ ነኝ ጠጋ ብዬ "በጽድ ዛፉ በኩል ነው" ያልኩት። ተቀመጠና ነዳ። ልማዴ ነውና ቀድሜው ልሄድ ስል ትከሻዬን ያዙኝ። ማሽን ፊት ልጅ አይሄድም፣ ነይ እዚህ ቁሚ አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ማንም እናት ይህን ትላለች። እጃቸው ትከሻዬ ላይ እንዳለ አባቴን ብቻውን ሲሄድ አየሁት።

አንዱን ዙር ቀጥ አድርጎ ሄደ። ተመለሰ። ሁለተኛውን ጀመረ። ዳር ላይ ያለው ሣር ገና አልተነካም፤ ጉልበት ድረስ ይመጣል፣ አደይ አበባ ጣል ጣል ብሎበታል። እዚያ ሣር ውስጥ አንድ አረንጓዴ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቁጥቋጦ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ትንሽ እጅ አበባ ይዞ ወጣ። የወጥ ቤቷ ሠራተኛ ልጅ ቦንቱ ናት፤ ገና በቅጡ መናገር ያልጀመረች፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች። ማጨጃዋ ቀጥታ ወደ እሷ እየሄደች ነው።

ጮኽኩ፤ በሞተሩ ድምፅ ተዋጠ። ከወይዘሮ ንግሥት እጅ አምልጬ ሮጥኩ። አጭሩ መንገድ በአባቴ በግራው በኩል ነበር፤ ግን በግራው ብመጣ አያየኝም። ያንን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ዞርኩ። ያ መዞር እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣብኛል፤ እግሬ ይሮጣል፣ ሜዳው አያልቅም። በቀኙ በኩል ወጥቼ ሁለት እጄን እያራገብኩ ፊቱ ላይ ተደነቀርኩ። አባቴ የጉም ውስጥ ጥላ አይቶ ይሆናል፤ ፔዳሉን ረገጠው። ማጨጃዋ ቀጥ አለች። ስለቶቹ ቆሙ። ሞተሩ ብቻ፣ ገና አሁን የሠራነው ሞተር፣ አንድ ዓይነት ድምፅ እያሰማ ቀጠለ። ቦንቱ ከማጨጃዋ አፍንጫ ሥር ቁጭ ብላ አበባዋን እንደያዘች ቀና ብላ ታየን ነበር።

"ማን አለ?" አለ አባቴ። "ከፊቴ ማን አለ?"

ወይዘሮ ንግሥት እያለከለኩ ደርሰው ነበር። ፀሐይ ገና አልገባችም፤ ሕፃኗ እሱ ፊት ናት። እሷን አዩ፣ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ። አባቴ ሞተሩን አጠፋና ትንፋሻቸውን ሰማ። መሪውን ተደግፎ ወረደ።

"ወይዘሮ ንግሥት፣ ዓይኔ አያይም" አለ። "የጠጣሁት ነገር የለም። ልጄንም አይጠይቋት። ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ።"

ወይዘሮ ንግሥት ቦንቱን አንስተው ታቀፏትና በዚያ በጥሩ ቀሚሳቸው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ከሹራቧ ላይ የተጣበቀውን ሣር አራገፉላት። ከዚያ ሳይቆጡ፣ "ሰው ቢገድሉስ ኖሮ፣ ኦቦ በቀለ?" አሉት። አባቴ አቀረቀረ። እኔ ውሃው ከፈሰሰበት ቀን ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር፤ ያኔ አለቀስኩ።

የማጨጃዋን ቁልፍ ያን ዕለት ወሰዱት። ማታ አባቴም እኔም እህል አልቀመስንም፤ ዕቃችን ስንት ጋሪ ይሞላል እያልኩ ቤቱን በዓይኔ ስለካ አመሸሁ። በማግስቱ ምረቃው በግማሽ በታጨደ ሜዳ ላይ ተደረገ። ወንበሩን ሁሉ በታጨደው በኩል ደረደሩት፤ ሌላው በኩል ከነአደይ አበባው ቀረ፣ እንግዶቹም ፎቶ የተነሱት እዚያ ነው። አባቴ ኮቱን ለብሶ ከሁሉ ኋላ ተቀምጦ ነበር። ወይዘሮ ንግሥት ለእናቴ ሰው ላኩ። እናቴ ከጫንጮ ደርሳ ነገሩን ስትሰማ አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው።

"ለእኔ ያልነገርከውን ለዚች ሕፃን አሸከምካት?"

ሰኞ ዕለት በማዕከሉ መኪና አዲስ አበባ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰዱት። የግራው አልፎበታል፤ ዱሮ ቢመጡ ኖሮ ተባለ። የቀኙ ግን የዓይን ሞራ ነበረና በቀዶ ሕክምና ተነሳለት። ፋሻው ሲፈታ እኔና እናቴ አልጋው አጠገብ ነበርን። አባቴ ብዙ ጊዜ ዓይኑን ገለጥ ከደን አደረገ፣ እንባው ወረደ፣ ከዚያ አቀርቅሮ እግሬን አየ።

"ጫማሽ ተቀዷል" አለኝ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

እናቴ በሳቅና በለቅሶ መሐል ሆና የአልጋውን ብረት ያዘች።

ሥራው አልሄደም። ማጨጃዋን ሌላ ሰው ነዳት፤ አባቴ ችግኙንና የማሽኖቹን ጥገና ያዘ። ጡረታ እስኪወጣ ከዚያች ቤት አልወጣንም። ቦንቱ አድጋ በበሩ ስታልፍ ባያት ቁጥር ግን እስክትርቅ በዓይኔ እከተላት ነበር። እሷ ምንም አታስታውስም።

ዛሬ የምኖረው ቡራዩ ነው። እናቴ አርፋለች፤ አባቴ ከእኔ ጋር ነው። ባለፈው ዓመት በሰበታ ስናልፍ ያ ሜዳ ኮብልስቶን ተነጥፎበት፣ ፎቅ ተሠርቶበት፣ ታክሲ ሲጠራበት አየሁ። የሠፈሩ ልጆች ሰኞ ማክሰኞውን በሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ያሰምራሉ። አሁን ሁሉ ነገር ቅርብ ነው፤ ሐኪሙም ቅርብ ነው፣ እናት ጫንጮ ብትሄድም ስልክ አለ። ያኔ እኮ አንድ ሰው አስፓልቱን ተሻግሮ ከሄደ የምናወራው ስለ እሱ እንጂ ከእሱ ጋር አልነበረም።

በዚህ ሰሞን እኔም ስልኬን ከዓይኔ አርቄ መያዝ ጀምሬያለሁ። ልጄ ናትናኤል ያኔ እኔ የነበርኩበት ዕድሜ ላይ ነው። አንድ ቀን ሳልጠይቀው የመድኃኒት ብልቃጥ ከእጄ ወስዶ ጽሑፉን አነበበልኝ። በሌላ ቀን መንገድ ስንሻገር እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ፣ ታክሲውን እያየ፣ መልሶ እኔን እያየ። ያን አስተያየት አወቅኩት። ቤት እንደገባን ሶፋው ላይ አጠገቤ አስቀመጥኩትና ነገርኩት፤ ዓይኔ በዕድሜ ደከም ብሏል፣ ሐኪም ቀጥሮኛል፣ መነጽር ይሠራልኛል፣ አባትህም ያውቃል፣ አንተ የምትጠብቀኝ ነገር የለም። አባቴ መስኮቱ ጋ ካለው ወንበሩ ላይ ሆኖ ይሰማን ነበር።

ናትናኤል ጥቂት አሰበና እሺ አለ። ቀጥሎ ኳስ ሊጫወት መሄድ ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ሂድ አልኩት። በሩን ሳይዘጋ ነው የወጣው፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ሲወርድ ይሰማናል።

አባቴ ፊቱን ወደ ተከፈተው በር አድርጎ ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጠ።

"እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?" አለኝ።

ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ። ያኔ ቤቱ የሰው መሆኑን፣ አጎቴ በእሱ እጅ ተመርቶ መመለሱን፣ እናቴ ሩቅ መሆኗን አሰብኩ።

"አልነበረም አባ" አልኩት። "ያኔ ቀላል አልነበረም።"